«ክፍያ» የተባለው ብድር፦ የባንክ ኦቨርድራፍት ታሪክ ከኤዲንብራ እስከ አሜሪካ



ጊዜው እ.ኤ.አ. 2008 ነው እንበል። አንድ ወንድማችን ከአገር ቤት አሜሪካ ከገባ ጥቂት ወራት ሆኖታል። ሥራ ይዟል፣ የባንክ ሒሳብ ከፍቷል፣ ዴቢት ካርድም ኪሱ ገብቷል። አንድ ቀን ጠዋት ሒሳቡ ውስጥ 100 ዶላር ነበረው። በ4 ዶላር ቡና ጠጣ። በ11 ዶላር ምሳ በላ። ለመኪናው የ20 ዶላር ቤንዚን ቀዳ። ማታ ለልጁ የ15 ዶላር ዳይፐር ገዛ። በድምሩ 50 ዶላር መሆኑ ነው። በዚያው ዕለት ግን የረሳው የ90 ዶላር የስልክ ክፍያ በራሱ ጊዜ ከሒሳቡ ተቆረጠ።

እኛ ብንደምረው ይህ ሰው 40 ዶላር ጎድሎበታል። በማግስቱ ሒሳቡን ሲከፍት ያየው ግን 40 አይደለም፤ ከዜሮ በታች 180 ዶላር ነው። የ40 ዶላር ጉድለት በአንድ ሌሊት 140 ዶላር ወልዷል።

ሰውየው ምሳሌ ነው፤ አሠራሩ ግን ምሳሌ አይደለም። በአሜሪካ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች የደረሰባቸው፣ ፍርድ ቤት የተከራከሩበት፣ ባንኮችም በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የከፈሉበት ጉዳይ ነው። 140 ዶላሩ ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ አስቀድመን ግን ታሪኩን ከሥሩ እንይ።

ለኛ ሰው ነገሩ ይበልጥ ግራ ያጋባል። አገር ቤት የቁጠባ ሒሳብ ያለው ሰው ኤቲኤም ማሽን ጋ ሄዶ ካለው በላይ ቢጠይቅ፣ ማሽኑ በቂ ገንዘብ የለህም ብሎ ይመልሰዋል። ነገሩ እዚያው ያልቃል። ስለዚህ «ካርዱ ካለፈ ገንዘብ አለኝ ማለት ነው» የሚል እምነት ይዘን እንሄዳለን። አሜሪካ ውስጥ ግን የካርዱ ማለፍ ለገንዘቡ መኖር ማስረጃ አይሆንም። ባንኩ ሳትጠይቀው አበድሮህ ሊሆን ይችላል።

▪️ ሁሉም የተጀመረው ከአንድ ነጋዴ ነው

ኦቨርድራፍት ማለት በቀላል አማርኛ ከሒሳብህ ካለህ በላይ ማውጣት ነው። አጀማመሩን ፍለጋ ስንሄድ የስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤዲንብራን እናገኛለን።

እ.ኤ.አ. በ1727 ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ የሚባል ባንክ በከተማዋ ተቋቋመ። በ1695 የተመሠረተ ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ የሚባል አንጋፋ ተፎካካሪም ነበረበት። አዲሱ ባንክ ደንበኛ ለመሳብ አዲስ ነገር ያስፈልገው ነበር። በዚህ መሐል ዊልያም ሆግ የሚባል የከተማው ነጋዴ አንድ ችግር ይዞ መጣ። ችግሩ ዛሬም መርካቶ ውስጥ ያለ ነጋዴ በደንብ የሚያውቀው ነው፤ ዕቃ በዱቤ ሸጦ ገንዘቡ ሳይሰበሰብ፣ እሱ ደግሞ የሚከፍለው አለበት። ንብረት አለው፣ ገቢ አለው፣ በእጁ ግን ጥሬ ገንዘብ የለም።

ባንኩ በግንቦት 1728 መጨረሻ ለሆግ አንድ ነገር ፈቀደለት፤ ከሒሳቡ ካለው በላይ እስከ 1,000 ፓውንድ ድረስ ማውጣት ይችላል። በዘመኑ ይህ አሠራር «ካሽ ክሬዲት» ተባለ። ኢኮኖሚስቱ አዳም ስሚዝ በ1776 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ ይህን የስኮትላንድ ባንኮች አሠራር ዘርዝሮታል። ተበዳሪው ሁለት የታመኑ ዋሶች ያቀርባል፤ ጣሪያው አስቀድሞ ይወሰናል፤ በፈለገው ጊዜ በትንሽ በትንሹ መመለስ ይችላል፤ የሚታሰብበትም በተጠቀመበት ገንዘብ ልክ ብቻ ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ የወለድ ብድር ነው። በኛ ሸሪዓ መመዘኛ ሪባ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ታሪኩ የቆየ ስለሆነ አናሳምረውም። ግን ሦስት ነገሮች ነበሩት። አንደኛ፣ ተበዳሪው ጠይቆ ነው የወሰደው። ሁለተኛ፣ ጣሪያውን ያውቃል። ሦስተኛ፣ ዋጋው በስሙ ወለድ ተብሎ ተጽፏል። ዛሬ የኢትዮጵያ መደበኛ ባንኮች ለነጋዴ ደንበኞቻቸው በውል የሚሰጡት የኦቨርድራፍት ብድርም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ እነዚህ ሦስት ነገሮች አንድ በአንድ የጠፉበት ታሪክ ነው።

▪️ ከደረቅ ቼክ እስከ 1969

አገራችን ውስጥ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መጻፍ በወንጀል ያስጠይቃል። «ደረቅ ቼክ» ሲባል ነጋዴ ሁሉ ይደነግጣል። አሜሪካ ውስጥ ቼክ የዕለት ተዕለት መገበያያ ሆኖ ስለኖረ፣ ደረቅ ቼክም የዕለት ተዕለት ችግር ሆኖ ኖሯል። ባንክ እንዲህ ያለ ቼክ ሲደርሰው ሁለት ምርጫ ነበረው፤ ወይ ቼኩን መልሶ ደንበኛውን የመመለሻ ክፍያ ማስከፈል፣ ወይም ደንበኛውን ስለሚያውቀው ከራሱ ከፍሎለት በኋላ መቀበል። ሁለተኛው ውለታ ነበር። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ሰውየውን በስም ያውቀዋል፣ ደመወዙ አርብ እንደሚገባ ያውቃል፣ ስለዚህ አያሳፍረውም።

እ.ኤ.አ. በ1968 የአሜሪካ ምክር ቤት አበዳሪዎች የብድራቸውን ትክክለኛ ዋጋ ለተበዳሪ በግልጽ እንዲናገሩ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ዓመታዊ የወለድ መጠን ተሰልቶ በወረቀት ላይ መቀመጥ አለበት ተባለ። በ1969 ደግሞ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ የሕጉን ማስፈጸሚያ ደንብ ሲያወጣ አንድ ቀዳዳ ተወ። ባንኩ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተዋዋለ በስተቀር፣ ለኦቨርድራፍት የሚያስከፍለው ገንዘብ በዚህ ሕግ መሠረት የብድር ዋጋ ተብሎ አይቆጠርም።

በጊዜው ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። አንድ ሥራ አስኪያጅ አልፎ አልፎ ለሚያደርገው ውለታ ይህን ሁሉ ወረቀት ማስሞላት አያስፈልግም ነበር። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ብድር በሕግ ፊት ብድር መባሉ ቀረ። «ክፍያ» የሚል ስም ወጣለት። ስሙ ሲለወጥ ግዴታውም አብሮ ተለወጠ፤ ዓመታዊ ወለዱ ስንት እንደሆነ የሚናገር አካል አልኖረም።

▪️ ውለታው ማሽን ሲሆን

በ1990ዎቹ ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። ኮምፒውተር የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁን ቦታ ወሰደ፤ ደንበኛውን በስም የሚያውቅ ሰው ቀርቶ በፕሮግራም የሚወስን ማሽን መጣ። አማካሪ ድርጅቶችም ለባንኮች «ይህን ውለታ ለሁሉም ደንበኛ በጅምላ ክፈቱ፤ ትልቅ የገቢ ምንጭ ይሆናል» እያሉ አሠራሩን ይሸጡ ጀመር።

ቀጥሎ ዴቢት ካርድ መጣ። ይህ ለውጥ ከሁሉም የከፋ ነበር፤ ምክንያቱን እንመልከት። ቼክ ስትጽፍ ሻጩ ሒሳብህን አያይም፤ ቼኩ ቢመለስ ሻጩም ይጎዳል። ስለዚህ ባንኩ ቢከፍልልህ በእርግጥ ከአንድ ችግር አወጣህ ማለት ይቻላል። ካርድ ስታስገባ ግን ባንኩ በዚያችው ሰከንድ ሒሳብህን ያየዋል። «የለውም» ብሎ ቢመልስህ ማንም አይጎዳም፤ ቡናውን ትተህ ትሄዳለህ። ባንኮች ግን «ይለፍ» የሚለውን መረጡ። የ4 ዶላሩ ቡና ያልፋል፣ በኋላ 35 ዶላር ይከተለዋል። ደንበኛው አልጠየቀም፣ አልተነገረውም፣ አልፈረመም። የኤዲንብራው ነጋዴ የነበሩት ሦስቱም ነገሮች ጠፉ።

አንዳንዶቹ ባንኮች ደግሞ በዚህ አላበቁም። ዕዳው ለጥቂት ቀናት ሳይከፈል ከቆየ ሌላ ተጨማሪ ክፍያ ይጭኑበት ነበር።

▪️ 140 ዶላሩ ከየት መጣ?

አሁን ወደዚያ ወንድማችን እንመለስ። በዕለቱ አምስት ወጪዎች ነበሩት፦ 4፣ 11፣ 20፣ 15 እና 90 ዶላር። ባንኩ በተፈጸሙበት ቅደም ተከተል ቢያወራርዳቸው ኖሮ፣ አራቱ ትንንሾች ከ100 ዶላሩ ላይ ተከፍለው 50 ዶላር ይቀራል። ከዚያ የ90 ዶላሩ ሲመጣ 40 ዶላር ይጎድላል። አንድ ጉድለት፣ አንድ የ35 ዶላር ክፍያ።

ብዙ ትልልቅ ባንኮች ግን የዕለቱን ወጪዎች ማታ ሰብስበው ከትልቁ ወደ ትንሹ ይደረድሯቸው ነበር። መጀመሪያ 90 ዶላሩ ይወጣል፤ 10 ዶላር ይቀራል። ቀጥሎ 20 ሲመጣ ሒሳቡ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ 35 ዶላር። ከዚያ 15፤ ሌላ 35። ከዚያ 11፤ ሌላ 35። መጨረሻ ላይ የ4 ዶላሩ ቡና፤ ሌላ 35። አራት ክፍያ፣ 140 ዶላር። የወጣው ገንዘብ ያው ነው፣ ጉድለቱም ያው 40 ዶላር ነው፤ የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዌልስ ፋርጎ በተባለው ግዙፍ ባንክ ላይ ክስ ሆኖ ቀረበ። ዳኛ ዊልያም አልሰፕ በነሐሴ 2010 ባንኩ ቅደም ተከተሉን ያዘጋጀው የኦቨርድራፍት ክፍያውን ለማብዛት እንደሆነ ገልጸው 203 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ ወሰኑ። ባንኩ በይግባኝ ለዓመታት ተከራከረ፤ በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም ሲል ውሳኔው ጸና። በ2011 ደግሞ ባንክ ኦፍ አሜሪካ ተመሳሳይ ክስ ሲቀርብበት በ410 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ባንኮች ከከሳሾቻቸው ጋር ተራ በተራ ታረቁ።

▪️ «ፈቃድህን ስጠን»

በ2010 አንድ ትልቅ ለውጥ መጣ። የማዕከላዊ ባንኩ አዲስ ደንብ ከሐምሌ 1 ጀምሮ፣ ነባር ሒሳብ ላላቸው ደግሞ ከነሐሴ 15 ጀምሮ፣ ባንክ ለኤቲኤምና ለአንድ ጊዜ የካርድ ግዢ የኦቨርድራፍት ክፍያ ማስከፈል የሚችለው ደንበኛው አስቀድሞ ከፈቀደ ብቻ ነው አለ። ፈቃድ ካልሰጠህ ካርዱ ይመለሳል፤ ክፍያም የለም።

ይህ ደንብ ዛሬም ይሠራል፤ ብዙ ወገኖቻችን ግን አያውቁትም። ሒሳብ ሲከፍቱ ሠራተኛው ፈጠን ብሎ «ካርድዎ ሱቅ ውስጥ ተመልሶ እንዳያሳፍርዎ የኦቨርድራፍት ሽፋን ይፈልጋሉ?» ይላቸዋል። «ሽፋን» እና «ጥበቃ» የሚሉት ቃላት ጥሩ ስለሚመስሉ «አዎ» ይላሉ። አንዳንድ ጊዜም ጭራሽ አይጠየቁም። በ2020 ቲዲ ባንክ ደንበኞችን በትክክል ሳያስፈቅድ በዚህ አገልግሎት አስገብቷል ተብሎ፣ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ 97 ሚሊዮን ዶላር ለ1.4 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች እንዲመልስና 25 ሚሊዮን ዶላር እንዲቀጣ አድርጎታል።

ይኸው ቢሮ በ2014 ባወጣው ጥናት፣ አብዛኛው የዴቢት ካርድ ኦቨርድራፍት ክፍያ የሚመጣው 24 ዶላርና ከዚያ በታች በሆነ ግዢ ላይ መሆኑን፣ አብዛኛው ዕዳም በሦስት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ አሳየ። የተለመደው ክፍያ 34 ዶላር ነበር። አስሉት፤ 24 ዶላር ተበድሮ በሦስት ቀን 34 ዶላር ጨምሮ የሚመልስ ሰው፣ በዓመት ቢሰላ ከ17,000 በመቶ በላይ ወለድ ከፍሏል። በ2017 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ከእነዚህ ክፍያዎች 79 በመቶውን የሚሸከሙት ከሒሳቦች ሁሉ 9 በመቶ ብቻ የሆኑት መሆናቸውን አመለከተ። ማለትም ሸክሙ ተደጋግሞ የሚወድቀው ገንዘብ በሚያጥራቸው በእነዚያው ጥቂት ሰዎች ላይ ነው።

▪️ የነገሩ ትክክለኛ ስም ማን ነው?

እዚህ ላይ ጉዳዩ እኛን ሙስሊሞችን በቀጥታ ይነካል። ብዙ ወንድሞች «እኔ ወለድ አልበላም፣ ወለድም አልከፍልም፤ ክሬዲት ካርድ እንኳ የለኝም» ይላሉ። አልሐምዱሊላህ። ግን በዓመት ስድስትና ሰባት ጊዜ የኦቨርድራፍት ክፍያ ይከፍላሉ፤ ስሙ «ክፍያ» ስለሆነ አይጠረጥሩትም።

ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 ሪያድ ላይ ባደረገው 12ኛ ጉባኤው የክሬዲት ካርድን ጉዳይ ሲመረምር፣ ባለካርዱ የሚያወጣውን ጥሬ ገንዘብ ከሰጪው የተወሰደ ብድር ነው ብሎ ነበር። አገልግሎቱ በትክክል ለጠየቀው ወጪ የሚከፈል፣ ከብድሩ መጠንና ከቆይታው ጋር ያልተያያዘ ክፍያ ችግር የለበትም፤ ከትክክለኛው የአገልግሎት ወጪ በላይ የሆነ ጭማሪ ግን ሪባ ነው ብሎ ደመደመ። ውሳኔው የወጣው በክሬዲት ካርድ ላይ ነው። መመዘኛው ግን ግልጽ ነው፤ ስሙን ሳይሆን ምን እንደተከፈለበት ጠይቅ።

ዕዳው ሲቆይ የሚጨመረው ክፍያ ደግሞ ሌላ የቆየ ነገር ያስታውሳል። የጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች የዕዳ ቀን ሲደርስ ባለዕዳውን «ትከፍላለህ ወይስ ትጨምራለህ?» ይሉት እንደነበር ዑለሞች ዘግበዋል። እስልምና ይህን ከለከለ፤ በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 280 ላይም የተቸገረ ባለዕዳ እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ እንዲሰጠው ታዘዘ።

ይህ ጽሑፍ ፈትዋ አይደለም። የእናንተን የባንክ ውል የሚመለከት ጥያቄ ካላችሁ የምታምኗቸውን ዑለሞች ጠይቁ። ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳንፈልግ «ክፍያ ነው» በሚል ቃል ብቻ ተረጋግተን መቀመጥ አይገባንም።

▪️ ከ2020 ወዲህ

እንግሊዝ በዚህ ጉዳይ ሌላ መንገድ ሄዳለች። በኅዳር 2009 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመንግሥት ተቋም በባንኮች ላይ ያቀረበውን ክስ ውድቅ አድርጎ ለባንኮቹ ፈረደ። ከዓመታት በኋላ ግን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ በኦቨርድራፍት ላይ የቀንና የወር ቋሚ ክፍያ ከለከለ፤ ዋጋው በአንድ ዓመታዊ ወለድ ብቻ ይነገር አለ። ብዙዎቹ ባንኮች ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ ወለድ አወጁ። ስለዚህ ለንደን ውስጥ ያላችሁ ወገኖች በኦቨርድራፍት ገብታችሁ ከሆነ የምትከፍሉት በግልጽ ወለድ ተብሎ የተጻፈ መሆኑን እወቁ። ቢያንስ ስሙ ተገልጧል።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ካፒታል ዋን በ2021 መጨረሻ ክፍያውን ጨርሶ እንደሚያስቀር አስታወቀ፤ ሲቲባንክ በ2022 አስቀረ፤ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በዚያው ዓመት ከ35 ወደ 10 ዶላር አወረደ። ባንኮች በ2019 ከዚህና ከደረቅ ቼክ ክፍያ ወደ 12 ቢሊዮን ዶላር ሲሰበስቡ፣ በ2023 ከግማሽ በታች ወደ 5.8 ቢሊዮን ወርዶ ነበር።

በታኅሣሥ 2024 የሸማቾች ጥበቃ ቢሮው የ1969ኙን ቀዳዳ የሚዘጋ ደንብ አወጣ። ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ያላቸው ባንኮች ወይ 5 ዶላር ያስከፍሉ፣ ወይ ትክክለኛ ወጪያቸውን ብቻ ያስከፍሉ፣ ከዚህ ካለፉ ደግሞ እንደማንኛውም ብድር ቆጥረው ወለዱን ይናገሩ አለ። ሱብሓነላህ! ሪያድ ላይ የተቀመጡት የፊቅህ ሊቃውንትና ዋሽንግተን ያሉት የሕግ ባለሙያዎች አይተዋወቁም፤ የጠየቁት ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ይህ ገንዘብ የሥራ ዋጋ ነው ወይስ የብድር ዋጋ?

ደንቡ ግን ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ምክር ቤቱ ሻረው፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕም በግንቦት 2025 ፈረሙበት። ዛሬም ክፍያውን የሚወስነው እያንዳንዱ ባንክ ነው። ስለዚህ የሚጠብቀን ሕግ እስኪመጣ ራሳችንን መጠበቅ አለብን።

▪️ ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ዛሬውኑ ባንካችሁ ደውሉ ወይም አፑን ክፈቱ። «ለዴቢት ካርድና ለኤቲኤም የኦቨርድራፍት አገልግሎት አልፈልግም» በሉ። ከዚህ በፊት ፈቅዳችሁ ቢሆን እንኳ በማንኛውም ጊዜ መሰረዝ መብታችሁ ነው። ካርዱ ሱቅ ውስጥ ቢመለስ የአንድ ደቂቃ እፍረት ነው፤ ከ35 ዶላር ይሻላል።

2. ይህ መብት ቼክን፣ ከሒሳብ በቀጥታ የሚቆረጥ ክፍያን፣ በየወሩ ከካርድ የሚቆረጥንም አይሸፍንም። ስለዚህ ለነዚህስ ምን ታደርጋላችሁ ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ።

3. በየወሩ በራሱ የሚቆረጠውን ሁሉ በወረቀት ጻፉ፤ ቀኑንም ጨምሩ። የኢንሹራንስና የስልክ ድርጅቶች ስትጠይቋቸው ብዙ ጊዜ ቀኑን ደመወዝ ከገባ በኋላ ወዳለው ቀን ያዛውሩላችኋል።

4. ሒሳባችሁ ከ50 ወይም ከ100 ዶላር በታች ሲወርድ ስልካችሁ ላይ መልእክት እንዲመጣ አድርጉ።

5. አፑ ላይ የሚታየውን ቁጥር ሙሉ በሙሉ አትመኑ። የጻፋችሁት ቼክ ገና አልደረሰ ይሆናል፤ ያስገባችሁት ቼክ ገና አልጸዳ ይሆናል፤ ነዳጅ ማደያው የያዘው ገንዘብ ከቀዳችሁት ይለያል። አገር ቤት ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን አስሉ።

6. ክፍያው ከደረሰባችሁ አትዘግዩ። አንዳንድ ባንኮች በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ጉድለቱን ከሞላችሁ አያስከፍሉም። ካስከፈሉም በዚያው ቀን ደውሉና በትሕትና «ይህን ክፍያ አንሡልኝ» በሉ። በተለይ የመጀመሪያችሁ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያነሣሉ። የመጀመሪያው ሠራተኛ እምቢ ካለ ኃላፊውን ጠይቁ። ያነጋገራችሁትን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ወይም ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ።

7. ያልፈቀዳችሁት ከሆነ ወይም ስህተት ከሆነ በጽሑፍ አመልክቱ። ባንኩ ካልመለሰ ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል፤ የሸማቾች ጥበቃ ቢሮው ቅሬታ በኢንተርኔትም በስልክም ይቀበላል፣ ክፍያም የለውም።

8. ተናዳችሁ ሒሳቡን ከዜሮ በታች ጥላችሁ አትሂዱ። ባንኩ ዘግቶት ቼክስሲስተምስ ለሚባለው የመረጃ ድርጅት ሊያሳውቅ ይችላል፤ መዝገቡም እስከ አምስት ዓመት ስለሚቆይ ሌላ ባንክ ሒሳብ ሊከለክላችሁ ይችላል።

9. ጭራሽ ኦቨርድራፍት የሌለው ሒሳብ አለ። «ባንክ ኦን» የሚል ዕውቅና ያላቸውን ሒሳቦች ጠይቁ፤ የኦቨርድራፍት ክፍያ የላቸውም፤ ወርኃዊ ክፍያቸውም ትንሽ ነው። ለአዲስ ገቢ ሰው የመጀመሪያ ሒሳቡ ይህ ቢሆን መልካም ነው።

▪️ በመጨረሻም

የኤዲንብራው ነጋዴ ካለው ገንዘብ በላይ ያወጣው ባንኩ ስላወቀው፣ ዋስ ስላለው፣ የሚታመን ስለሆነ ነበር። የአዲስ ገቢው ወንድማችን ግን ያወጣው ማንም ስላላወቀውና እሱም ምንም ስላላወቀ ነው። የመጀመሪያው ጠይቆ ተበደረ፤ ሁለተኛው ሳይጠይቅ ባለዕዳ ሆነ።

እኛ ደግሞ በመካከላችን የምንተዋወቅ ሰዎች ነን። ደመወዙ አርብ የሚገባለት ጎረቤት ረቡዕ ላይ 40 ዶላር ቢጎድለው፣ ያለ ጭማሪ የሚያበድረው አንድ ወንድም ካለ ያ ሰው ከ35ም ከ140ም ዶላር ዳነ። ይህ ቀርድ ሐሰን ነው፤ ባንክም ኮምፒውተርም አያስፈልገውም። የተቸገረውም አይፈር፣ ይጠይቅ። ያበደረውም አይቆጥርበት፣ ጊዜ ይስጠው። የተበደረውም አርብ ሲደርስ አይጥፋ።

ይህን ጽሑፍ በቅርብ ወደ አሜሪካ ለሄደ ዘመድ ወይም ጓደኛ አድርሱለት። እሱ «አውቀዋለሁ» ቢል እንኳ፣ አፑን ከፍቶ ፈቃዱ መሰረዙን ያረጋግጥ።

አላህ ከሐላሉ ያብቃቃን፣ ከዕዳ ጭንቀትም ይጠብቀን።

ወላሁ አዕለም።